የጳጉሜን ጠባቂ

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ ትንቢት ኪዳነ ወልድን የማያውቅ የለም፤ የሚያውቋት ግን «ያች የኮሌጁ ኮምፒውተር ሠሪ» እያሉ ነው። አልዋሹም፤ ደመወዝ የምታገኘው ከዚያ ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ፣ የመምህራን ኮምፒውተር በቫይረስ ሲታመም፣ ዲኑ የይለፍ ቃሉን ሲረሳ (ዲኑ ደግሞ ሰኞ ሰኞ ይረሳል) ትንቢት ትጠራለች። ሰው በደመወዙ ብቻ ቢመዘን ግን ስንቶቻችን ቀልለን በተገኘን ነበር። ትንቢት አንዲት ሳንቲም የማታገኝበት ሌላ ሥራ አላት፤ የማወራችሁም ስለዚያኛው ነው።

ድረ ገጽ መሥሪያ የሆነ፣ ማንም በነፃ ወስዶ የሚጠቀምበት አንድ ትልቅ ሶፍትዌር አለ። ባለቤት የለውም፤ ወይም ባለቤቱ ብዙ ነው። ኮዱ አደባባይ ላይ ተቀምጧል፤ የፈለገ ያነበዋል፣ የፈለገ ይቀዳዋል፣ ስሕተት ያገኘ ደግሞ አርሞ «ይኸን ተመልከቱልኝ» ብሎ ያቀርባል። ኦፕን ሶርስ የሚሉት ይኸው ነው። ሠሪዎቹ በየአገሩ የተበተኑ፣ አብዛኞቹም ዐይን ለዐይን ተያይተው የማያውቁ ናቸው። ሥራው በብዙ ክፍል ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ጠባቂ አለው። ጠባቂው የቀረበለትን እርማት መስመር በመስመር አንብቦ ወይ ያሳልፋል ወይ ይመልሳል። የሌላውን ክፍል አጥር ዘሎ ገብቶ ማሳለፍ ነውር ነው። ጠባቂም ቢሆን የራሱን ሥራ ራሱ አያሳልፍም፤ የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆን ሁለተኛ ዐይን ሊያየው ግድ ነው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ በሚለው ሕግ ይኖራሉ ማለት ነው።

ትንቢት የምትጠብቃት ክፍል ትንሽ ናት። ከትልቁ ሶፍትዌር ጋር የምትገጠም፣ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ድረ ገጽ ላይ የምታወጣ ቅጥያ ናት፤ የቀኑን ስም፣ ወሩን፣ ዓመቱን ትናገራለች። ትንሽ ትሁን እንጂ አብያተ ክርስቲያናት ይጠቀሙባታል፣ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሙባታል፣ ለነፍሰ ጡር እናቶች ቀጠሮ በድረ ገጽ የሚሰጡ ክሊኒኮችም ይጠቀሙባታል። ትንቢት ስንት ሰው በእሷ ቀን እንደሚውል አንዳንዴ ለመቁጠር ትሞክርና ትተወዋለች።

የቀኑን ስሌት የተማረችው ከአባቷ ነው። መሪጌታ ኪዳነ ወልድ ዘጌ በኩል ካለ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ ኖረው፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ ልጃቸው ከፔዳ ጀርባ ወደተከራየቻት ሁለት ክፍል ቤት ገብተዋል። ልጅ ሳለች ከተማሪዎቻቸው ኋላ ተቀምጣ አበቅቴና መጥቅዕ ሲቆጥሩ ትሰማ ነበር። ያለ ክፍያ የምትሠራው ሥራ እንዳላት ለኮሌጁ ሒሳብ ሠራተኛ ለምናሴ ስትነግረው ከት ብሎ ስቆ ሞኝ አድርጓታል። ለአባቷ ስትነግራቸው ግን አልሳቁም። ለመሆኑ እኔስ ማንን አስከፍዬ አውቃለሁ ብለው ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

ነሐሴ ላይ ኔት ጠፋ። በዚያ ክረምት ከተማው ላይ የሆነውን የባሕር ዳር ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ደግሞ ዛሬ አልተርክለትም። ለዚህ ወሬ የሚያስፈልገን ኔት መጥፋቱ ብቻ ነው። የቤቱም የኮሌጁም ጠፋ፤ ስልክ ብቻ አንዴ እየሠራ አንዴ እየተቋረጠ ቀረ። ትንቢት መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዕረፍት ያገኘች መስሏት ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ መሪጌታ በዕንቁጣጣሽ ለምእመናን የሚነገረውን የመጪውን ዓመት በዓላትና አጽዋማት እያወጡ ነበር። ዘመነ ሉቃስ ሊወጣ፣ ዘመነ ዮሐንስ ሊገባ ነው፤ ስለዚህም በአራት ዓመት አንዴ እንደሚሆነው ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች። ትንቢት አጠገባቸው ተቀምጣ ሥራ ፈት እጇን ላፕቶፑ ላይ አሳረፈች። ለጨዋታ ያህል ቅጥያዋን ከፍታ የማሽኑን ቀን ወደፊት ገፋችው። ጳጉሜን አራት። ጳጉሜን አምስት። አንድ ቀን ጨመረች፤ ማሽኑ መስከረም አንድ አለ።

እንደገና ሞከረችው። ያው መስከረም አንድ ነው። ኮዱን ከፍታ አየችና ፊቷ ተለወጠ። ሉቃስ ሲወጣ የምትመጣውን ስድስተኛ ቀን ለዮሐንስ ሰጥታታለች። ያን መስመር የጻፈች ዕለት ቸኩላ ነበር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። ሁለተኛ ዐይን ሆኖ ያሳለፈላት ሰው አየርላንዳዊ ነበር፤ እሱ የኮዱን አጻጻፍ እንጂ የእኛን ወንጌላውያን ከየት ያውቃቸዋል? ቅጥያዋ ደግሞ ሥራ ከጀመረች ወዲህ ባለ ስድስት ቀን ጳጉሜን መጥታ ስለማታውቅ ስሕተቱን ያየ አልነበረም።

አሁን ግን እየመጣች ነው። ያች ስድስተኛ ቀን ስትደርስ ድረ ገጾቹ ሁሉ አዲስ ዓመት ገባ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላም ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ቀድመው ይሄዳሉ። በዓል ይዛባል፣ ፈተና ይዛባል፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ሐኪሙ በሌለበት ቀን ክሊኒክ በር ላይ ትቆማለች። ይች የመጨረሻዋ ሴትዮ ከትንቢት ዐይን አልጠፋ አለች። እርማቱን ወዲያው ጻፈችው። ግን መላኪያ የለም።

«ተሳሳትሁ አባባ» አለች ሁሉን ከነገረቻቸው በኋላ። «ስንት ዓመት እርስዎ ሲቆጥሩ እየሰማሁ አድጌ።»

መሪጌታ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ቀኑ ሳይደርስ ነው የተገኘው» አሏት። «አታልቅሽ፤ ተነሽ።»

ተነሣች። ሆቴሎቹን ዞረች፤ ኔት የለም። አውቶቡስ ተሳፍራ ልትሄድ አሰበች፤ መንገድ ዝግ ነው። ቢቸግራት አዲስ አበባ ለሚኖረው ለብሩክ ደወለች። ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አጠገቧ እየተቀመጠ ከእሷ እየቀዳ የተመረቀ፣ ዛሬ ሶፋ የሚሸጥ ጓደኛዋ ነው። ኮድ የሚባል ነገር ከተመረቀ ወዲህ አይቶ እንደማያውቅ ምሎ ነገራት። እሷም ማወቅ አያስፈልግህም፣ የምልህን ብቻ ጻፍ አለችው።

ስልኩ ቤት ውስጥ ስለሚቆራረጥ ወደ ሐይቁ ዳር ወረደች። ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ስልኩን በትከሻዋ ይዛ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ታነብ ጀመር፦ «ቅንፍ ክፈት። ዓመት። የመቶኛ ምልክት። አራት። እኩል ይሆናል፤ ሁለቴ ምታው። ሦስት። ቅንፍ ዝጋ። ዘጋህ? አሁን ሌላኛዋን ቅንፍ ክፈት፣ ያችን ጠማማዋን።» ብሩክ ይደግምላታል፣ ይሳሳታል፣ ይስቃል፣ መስመሩ ይቋረጣል፣ እንደገና ትደውላለች። ያን ሰሞን አንዲት ሴት ሐይቅ ዳር ተቀምጣ «ክፈት፣ ዝጋ» እያለች በስልክ ስትጮህ ምን ሊመስል እንደሚችል እናንተው አስቡት። የመናፈሻው ጥበቃ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ዱላቸውን ይዘው መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቋት። ጳጉሜን ዘንድሮ ስድስት መሆኗን እየተናገርሁ ነው አለቻቸው።

«ይኸንማ ማን ያጣዋል?» አሉ ሰውዬው።

«ማሽኑ አያውቅማ።»

ሰውዬው ትንሽ አሰቡና፣ እንግዲያ ቶሎ ንገሪው ብለው፣ እስክትጨርስ ድረስ ሰው እንዳያስቸግራት ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙላት።

ብሩክ የተቀበለውን በራሱ ስም አቀረበው። ከበላዩም እንዲህ ሲል ጻፈ፤ እኔ ሶፋ ነጋዴ ነኝ፣ ይኸ ነገር አልገባኝም፣ የዚህ ክፍል ጠባቂ ኔት የሌለበት ከተማ ስላለች በስልክ ያነበበችልኝ ነው፣ ስድስተኛዋ ቀን ሉቃስ ሲሄድ ነው የምትመጣው ብላለች፣ እባካችሁ በደንብ እዩት። የትንቢት ጭንቀት ግን በዚህ አላለቀም። ቢያዩትስ ማን ያሳልፈዋል? የክፍሉ ጠባቂ እሷ ናት። እሷ ደግሞ የለችም።

በማግሥቱ ለብሩክ ደወለች፤ እርማቱ ገና መልስ አላገኘም። በሣልስቱ ደወለች፤ አንድ ሰው አይቶ ምንም ሳይል አልፏል። ከዚያ ስልኩም ጠፋና ትንቢት ቤት ውስጥ መንጎራደድ ብቻ ቀራት። ነሐሴ አለቀ። ጳጉሜን ገባች።

ጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ መጣ። የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው እየጮሁ ግቢው ውስጥ ሲታጠቡ፣ መሪጌታም ደጃፍ ቆመው መዳፋቸውን ወደ ዝናቡ ዘርግተው ሳሉ፣ የሞተው ስልክ ጮኸ። ብሩክ ነበር። ስንት ቀን ሲሞክር እንደሰነበተ ሳይነግራት በፊት ነገሩን አስቀደመ።

«ወጣ፣ ትንቢት። ዛሬ ጧት ወጣ። እኔ ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ቀኑን ገፍቼ አየሁት፤ ጳጉሜን ስድስት ይላል።»

ከዚያ የሆነውን እየተንተባተበ አወራላት። ማርጋሪታ የምትባል ኡራጓይ የምትኖር ጡረተኛ አስተማሪ እርማቱን መስመር በመስመር ስታነብ፣ ብሩክ «ያንሳል» የሚለውን ምልክት ገልብጦ «ይበልጣል» አድርጎ መጻፉን ያዘች። ሌሎች መጥተው ሞከሩት። ከዚያ ሁሉም የጠባቂዋ አጥር ላይ ደርሰው ቆሙ። በእነሱ ደንብ ጠባቂ ሳይኖር አጥር ማለፍ የሚቻለው ማኅበሩ በሙሉ ተጠይቆ አንድም ሰው ካልተቃወመ ብቻ ነው። ተጠየቀ። ከየአገሩ «እኔ አልቃወምም» የሚል ጽሑፍ ሲመጣ አደረ። የተቃወመ አልነበረም።

ትንቢት ስልኩን ዘግታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የሰማችውን ለአባቷ እየደጋገመች ነገረቻቸው። እነዚህ ሰዎች አያውቁኝም፣ መልኬን አይተው አያውቁም፣ ባሕር ዳር የት እንደሆነች እንኳ ብዙዎቹ አያውቁም ትላለች። የደስታዋን ያህል አንድ ፍርሃት የመሰለ ነገርም ልቧን ይዞታል፤ ሰው ቤተ መቅደስ ሲገባ የሚይዘው ዓይነት። መሪጌታ እጃቸው ላይ ያለውን የሩፋኤልን ውኃ ፊታቸውን አብሰውበት አዳመጧት።

«ስማቸውን ንገሪኝ» አሉ በመጨረሻ። «በጸሎት ላስባቸው።»

እዚህ ላይ ትንቢት ተቸገረች። ከማርጋሪታ በቀር አብዛኞቹ በእውነተኛ ስማቸው እንደማይጽፉ፣ አንዱ ለምሳሌ ራሱን «ሰማያዊ ጉጉት» እንደሚል አስረዳቻቸው። መሪጌታ ስሙን አንድ ሁለት ጊዜ በአፋቸው አመላለሱት።

«እንዲሁ ብዬ እጠራዋለሁ» አሉ። «ጸሎቱን የሚሰማው፣ ሰውዬው ማን እንደሆነ ያውቃል።»

ስድስተኛዋ ቀን መጣች፣ ሄደች፤ ዘመነ ዮሐንስም በሰዓቱ ገባ። ኔት ግን አልመጣም። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ፋሲካ አለፈ። ትንቢት ፕሪንተር ስትጠግን ከረመች። የማኅበሩ ሌላ ደንብ ትዝ ይላት ነበር፤ ስድስት ወር ድምፁን ያጠፋ ጠባቂ ሥፍራው ለሌላ ይሰጥበታል። ይኸ ክፉ ደንብ አይደለም፤ ሥራ ሰው ይፈልጋል። ምናሴ እንኳ፣ በሌለሽበት ማን ይጠብቅልሻል፣ ወስደውት ይሆናል ሲላት አልተቀየመችውም። ራሷም እርሟን አውጥታ ነበር። ለዚያ ውለታ ዋጋው ሥፍራዬ ከሆነ ይሁን ብላ ራሷን አሳምናለች፤ ብቻ ሐይቁ ዳር ስትሄድ ያ ድንጋይ አጠገብ ስትደርስ ፊቷን ታዞራለች።

በሚቀጥለው ክረምት ኔቱ ተመለሰ። ከተማው ሁሉ ስልኩ ላይ አጎንብሶ ዓመት ሙሉ የተጠራቀመ ሰላምታ ሲያነብ፣ ትንቢት ላፕቶፑን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ቆይታ ገባች። የቅጥያዋ ገጽ አናት ላይ የጠባቂ ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። ትንቢት ኪዳነ ወልድ ይላል። ከሥሩ ማርጋሪታ የጻፈችው መስመር ነበር፦ «ጠባቂዋ ኔት የላትም። የቸኮለውን እኛ ሠርተነዋል። ያልቸኮለው የእሷ ነው፤ ይጠብቃታል።»

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። ዓመት ሙሉ ሰው ያልነበረበትን አጥር አንድም እጅ አልነቀነቀውም። ትንቢት ያን ጊዜ አለቀሰች፤ አልደብቅላችሁም፣ ድምፅ አውጥታ ነው ያለቀሰች።

ከዚያ ያ የጳጉሜን ሰሞን ክርክር እንደተጻፈ ስላለ ከመጀመሪያው ጀምራ አነበበችው። ብሩክ ያልነገራት ብዙ ነው። አንዱ ሕንዳዊ «ሉቃስ ማነው? መቼ ነው ማኅበራችንን የለቀቀው? አድራሻው ካላችሁ እሱኑ እንጠይቀው» ብሎ ጽፎ ኖሯል፤ ሌሎችም ከልባቸው ሉቃስ የሚባል የቀድሞ አባል ሲፈልጉ ሁለት ቀን አባክነዋል። ማርጋሪታ ደግሞ አንዲት የአማርኛ ፊደል ሳታውቅ፣ የወሮቹን ስም እንደ ሥዕል በቅርጻቸው ለይታ፣ የእኛም የፈረንጅም ቀን አናታቸው ላይ የተጻፈባቸውን የድሮ የኢትዮጵያ ጋዜጦች ከየቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ እየፈለገች፣ ቀን ከቀን እያመሳከረች እርማቱ ልክ መሆኑን አረጋግጣለች። ጠዋት ተነሥታ ጳጉሜን የሚለውን ቃል እንደ ወዳጅ ፊት መለየት ጀመርሁ ብላ ጽፋለች። ትንቢት ይኸን ስታነብ አፏን በእጇ ያዘች። በዓለም ጫፍ ያለች አንዲት አሮጊት፣ ለማታውቃት ከተማ፣ ለማትጾመው ጾም፣ ለማታከብረው በዓል ብላ ዐይኗን እንዲህ ታደክማለች? አባቷ ስለ ቅዱሳን ሲያወሩ ሰምታ ታውቃለች፤ እንዲህ ያለ ሰው በሕይወት እያለ ደብዳቤ ሊጽፍላት እንደሚችል ግን አስባ አታውቅም ነበር።

የእሷን ማሳለፍ የሚጠብቁ ያልቸኮሉ ሥራዎችም ተደርድረው ነበር። አንጋፋው የራሷ የማርጋሪታ ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ ተቀምጧል። ጋዜጦቹን ስታመሳክር የያዛት ፍቅር አልለቃት ብሎ፣ ቅጥያዋ ከቀኑ ጋር የበዓላትንም ስም እንድታወጣ አድርጋ ሠርታለች። የሚያምር ሥራ ነው። ያን ሁሉ ውለታ የዋለች ሴት፣ አንድም ጊዜ «ምነው ዘገየ» ሳትል፣ የሌላ ሰው በር ላይ ስምንት ወር ቆማለች።

ትንቢት ወዲያው ልታሳልፈው ጣቷን አነሣች። ከዚህ የተሻለ ምስጋና ከየት ይመጣል? ያለ ምንም ጥያቄ፣ በአንድ ምት ማሳለፍ ነው። ግን ጠባቂ ናት፤ ሳታነብ አሳልፋ አታውቅም። እያነበበች ወረደች። ታኅሣሥ ላይ ስትደርስ ቆመች። ማርጋሪታ ገናን በየዓመቱ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ላይ አስቀምጣዋለች። ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግሥት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና ሃያ ስምንት ላይ ነው የሚውለው። ያለፈው ገናም የዋለው ሃያ ስምንት ነበር። ሳይጠብቋት አሳልፈውት ቢሆን ኖሮ ገና በየድረ ገጹ ተሳስቶ ይውል ነበር።

ትንቢት ዓመት ሙሉ ሥፍራዋን ለጠበቀችላት ሴት፣ ገና ሰላምታ እንኳ ሳታቀርብላት፣ የመጀመሪያው ቃሏ «ተሳስተሻል» ሊሆን ነው። ይሉኝታ ያዛት። የማሳለፊያውን ምልክት አየችው፤ የመመለሻውን አየችው። ከዚያ ስሕተቱ ያለበትን መስመር መርጣ፣ በዘመነ ዮሐንስ ገና ሃያ ስምንት መሆኑን ከነምክንያቱ አስረድታ ጻፈች፣ ይኸን አስተካክለሽ መልሽልኝ ብላ ጨመረች፣ ስሟን ጻፈች፣ መለሰችው። ከላከችው በኋላ ምስጋና አንድም ቃል እንዳልጻፈች ትዝ አላት።

ምስጋናውን ልትጨምር እንደገና ስትከፍት መልስ ደርሶ ቆያት። ማርጋሪታ እርማቱን እንደተቀበለች አንድ መስመር ጽፋ፣ ከሥሩ ሌላ አንድ መስመር ጨምራለች፦

«ስምሽን ሳይ፣ በስምሽ የገባው ማን ይሆን ብዬ ነበር። እርማትሽን ሳነብ ግን መመለስሽን አመንሁ።»